የስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ በጥድፊያ አይታቀድ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ አልፎ ተራራው በአበባ ሲሸፈን ወጣቶች በቡድን እየተሰባሰቡ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መጓዛቸው እጅግ ያስደስተኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጉዞውን በሁለት ቀን ለመጨረስ ማቀዳቸው ያሳስበኛል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ እያደሩ በእግር መሄድ ሰውነት ከፍታውን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ያደርጋል። በመኪና በአንድ ቀን 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ጨነቅ ደርሶ በማግስቱ ከ4,400 ሜትር በላይ ወደሆነው የቧሂት ተራራ መውጣት ግን ራስ ምታትንና ማቅለሽለሽን መጋበዝ ነው። ሕመሙ ከበረታም መድኃኒቱ ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው።

በግጭ የሌሊቱ ብርድ ስለሚከብድ ንጋት ላይ የድንኳኑ ሸራ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ስለዚህ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ሳይዙ መነሣት አይገባም። ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ)፣ መንገድ መሪና የጭነት በቅሎ የሚገኙት ደባርቅ ላይ ስለሆነ፣ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታም እዚያው ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በሰሜን ወሎ፣ በመቄት፣ የአካባቢው ማኅበረሰብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተው፣ ተጓዡ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ እየሄደ የሚያድርበት፣ ገቢውም ለገበሬው የሚደርስበት አሠራር ተሞክሯል። በስሜንም ተመሳሳይ ጎጆዎች ቢሠሩ ድንኳን የሌለው የሀገር ውስጥ ተጓዥ ሳይጣደፍ ይጓዝ ነበር። ፓርኩ ከዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዳግም እንዳይገባበት ጎጆዎቹ ዋልያ ከሚሰማራበት ገደል ርቀው በዙሪያው ባሉ መንደሮች እንዲሠሩ የሚመለከታቸው አካላት እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር