የአደራ ቤተሰብም ደራሽ ይፈልጋል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ አስተያየት ላይ ጸሐፊው በስርቆትና በድብድብ የሚያዙ ታዳጊዎች መብዛታቸውን ጠቅሰው በየክፍለ ከተማው አዳሪ የጠባይ ማረሚያ እንዲሠራ ጠይቀዋል። ስጋታቸውን እጋራለሁ። ወላጅ አልባና ከቤት የወጡ ልጆችን ከቤተሰብ ጋር በማገናኘት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝና መፍትሔያቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአባቱም ከአስተማሪውም ይልቅ እኩያውን ይሰማል። ኪስ ማውለቅ የጀመረውን በር መስበር ከለመደው ጋር አንድ መኝታ ቤት ካሳደራችሁት፣ ቀን የተመከረውን ሌሊት የሚያስረሳው አያጣም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ዲሺየንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ አስቸጋሪ ታዳጊዎችን በቡድን ሰብስቦ ለማረም መሞከር አንዳንድ ጊዜ ጥፋታቸውን ጭራሽ እንደሚያባብሰው አሳይተዋል።

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን በምትባል ከተማ፣ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ቻምበርሌይንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ጥፋተኛውን ታዳጊ ለብቻው፣ ለዚሁ ሥራ በሠለጠነ የአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ በሚያሳድግ ቤት ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ያኖሩታል፤ በዚያው ጊዜ የገዛ ወላጆቹ እንዴት አድርገው እንደሚቀበሉት ይሠለጥናሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው፣ ደጋግመው ጥፋት የፈጸሙ 79 ወንዶች በዕጣ ተመድበው ገሚሶቹ ለአደራ ቤተሰብ፣ ገሚሶቹ ለቡድን ማደሪያ ተሰጡ። በተከታዩ አንድ ዓመት ከአደራ ቤተሰቦቹ ልጆች 41 በመቶው አንድም አዲስ ክስ አልቀረበባቸውም። ከቡድን ማደሪያዎቹ እንዲህ የሆነላቸው 7 በመቶው ብቻ ናቸው።

ይህን ያመጣው ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ አስተማሪዎቹ እኛ በሆንን ነበር። የእህት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ የሞተ ጎረቤት ልጅ ያላሳደገ ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። ሆኖም ደግ ቤት የተቀበለውን ልጅ ሲመልስ አይቻለሁ። ቀድሞ በምሠራበት ድርጅት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የተረከቡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ። ብዙም ሳይቆይ ልጁን እጁን ይዘው ቢሮአችን መጡ። «ልጄ፣ ጠልቼው እንዳይመስልህ» አሉኝ። «እኩለ ሌሊት ላይ ከሰው ተጣልቶ ደም በደም ሆኖ ሲገባ የምጠራው ሰው አጣሁ።» የቢሮአችን ስልክ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አይነሣም ነበር።

በኦሪገኑ አሠራር ቤተሰቡን የሚደግፍ የባለሙያዎች ቡድን አለ፤ የቡድኑ መሪ ስልክ ሌት ተቀን ይነሣል። ከዚያም በላይ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ወደ አደራ ቤተሰቡ ይደወላል። ደዋዩ «ልጁ ደህና ነው?» ብሎ አይዘጋም። ባለፉት ሃያ አራት ሰዓታት ተሳድቧል? ዋሽቷል? ከትምህርት ቤት ቀርቷል? እያለ ከሠላሳ በላይ ነገሮችን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ የሆነው ነገር አስጨንቋቸው እንደሆነም ይመዘግባል። ይህ የወረቀት ሥራ የሚመስለው ተሳስቷል። በአሜሪካዋ የሳን ዲዬጎ ከተማ ከ5 እስከ 12 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አሳዳጊዎች በቀን እስከ ስድስት የሚደርስ ጥፋት ችለው ያሳልፋሉ፤ ከስድስት በኋላ ግን በእያንዳንዱ ተጨማሪ ጥፋት ልጁ ከዚያ ቤት የመውጣት ዕድሉ 17 በመቶ ይጨምራል። እኒያ እናት ስንተኛው ላይ እንደደረሱ የጠየቃቸው አልነበረም።

በኦሪገኑ አሠራር ልጁ በሰዓቱ ሲነሣ፣ ሳህን ሲያጥብ፣ አስተማሪዎቹ የፈረሙበትን ካርድ ይዞ ሲመጣ ነጥብ ያገኛል፤ ሲያጠፋ ያለ ጩኸትና ያለ ስብከት ይቀነስበታል። በነጥቡ ቴሌቪዥን ያያል፣ እየቆየም ብቻውን መውጣት ይፈቀድለታል። ለልጁ አንድ አማካሪ፣ ለወላጆቹ ሌላ አማካሪ አለ። «አይሆንም» የሚለውን ከባድ ቃል የሚናገረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው፤ አሳዳጊዋ እናት ከልጁ ጋር አትቃቃርም። ይህችኛዋን ብልሃት ከሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ።

አሠራሩ ለሁሉም ልጅ ይበጃል ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ውጤት በጥቅሉ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ለውጥ አላሳየም፤ የተጠቀሙት የጠባይ ችግር የነበረባቸው ታዳጊዎች ናቸው፤ ይህ ችግር ያልነበረባቸው እንዲያውም በተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ሆነዋል። ጸሐፊው የሚጨነቁላቸው ግን እነዚያኑ የመጀመሪያዎቹን ነው።

ሕጋችንም አይከለክልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 159 ፍርድ ቤት ታዳጊውን ለዘመድ፣ ዘመድ ከሌለው ወይም ካልቻለ ለታመነ ሰው ወይም ለድርጅት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ተረካቢውም ኃላፊነቱን በጽሑፍ ያረጋግጣል። እንግዲህ ሰውየው ፈርሞ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማን ይደውልለታል?

አንዳንዶች ለአሳዳጊ ገንዘብ መክፈል ነውር ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ለማረሚያው ዘበኛ፣ ወጥ ሠሪና ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ሲከፈል ማንም አላፈረም፤ ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን እያየች የምትጠብቅ እናት ሲከፈላት የምናፍርበት ምክንያት አልገባኝም።

ስለዚህ ማረሚያው በየክፍለ ከተማው ከመሠራቱ በፊት ከአንድ ማረሚያ ጎን ለጎን አሥር የአደራ ቤቶችና አንድ የባለሙያዎች ቡድን ይሞከሩ። ባለሙያ የለም እንዳይባል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ጀምሮ እያሠለጠነ ነው፤ ከተመረቁት ውስጥ በሙያቸው ያልተቀጠሩ አውቃለሁ። ልጆቹ በዕጣ ይመደቡ፣ ውጤቱም ከማረሚያው ጋር ተነጻጽሮ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ። ማረሚያው ከበለጠ ጸሐፊውን በይፋ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ