ማስኬን ያስደበቀው ዘገባችሁ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ማስክና ስለ ነፍሰ ጡር ያወጣችሁትን ዘገባ ሁላችንም አይተነዋል። እኔን ያናደደችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ነፍሰ ጡር ማስክ ስታደርግ ለልጇ የሚደርሰው አየር ይቀንሳል የምትለዋ። ከየት አመጣችኋት?

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ደሴ፣ ወፍጮ ቤት እህል እየመዘንኩ ሂሳብ እቀበላለሁ። ጤፍ ሲፈጭ እስከ ቅንድቤ ነጭ እሆናለሁ፣ ስለዚህ ማስክ አደርጋለሁ። ዘገባችሁን ባሌ ጮክ ብሎ አነበበው፣ አማቴ ሰሙት፣ አለቀ። በማግስቱ ማስኬ ከሚስማሩ ላይ የለም። «አብሽሪ፣ ለልጁ ብዬ ነው» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ጋዜጣ ነው ያለው!

ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አዎ። ግን ማስክ ሳላደርግ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬም ያጥረኛል። እርግዝና እንዲህ ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በረጅሙ ያስተነፍሰናል፣ ማህፀን ሲያድግ ደግሞ ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዳገት ትወጣላችሁ። እናንተ ግን ቢሮ የሚውሉ ሁለት ሦስት የአዲስ አበባ እናቶችን አናግራችሁ «የሀገራችን ነፍሰ ጡሮች» አላችሁን። እኛ የየት ሀገር ነን?

ክትትል ስሄድ አዋላጇን ለመንኳት። ያቺን ጣት ላይ የምትቆነጥጥ የደም ኦክስጅን መለኪያ ሰካችልኝ። ያለ ማስክ 94 በመቶ። ማስክ አድርጌ አሥር ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ 94። ኮሪደሩን ተመላለስኩ፣ 93፣ አፍታም ሳይቆይ 94። «የጨርቁም የሕክምናውም ማስክ አየር ያሳልፋል፣ የሚይዘው ጠብታና ብናኝ ነው» አለችኝ። ያ ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ኤን ናይንቲ ፋይቭ የሚባለው ማስክ ሲቆይ እንደሚከብድ አልክድም። የኔ አንድ ጣትም ጥናት አይደለም። ግን ከእናንተ ዓረፍተ ነገር ይሻላል።

ይልቅ ትንፋሽ ስለሚያሳጣ ነገር መጻፍ ካሰኛችሁ ማዕድ ቤታችን ኑ። ኩበቱ እርጥብ በሆነ ቀን ዓይናችሁን ሳታሹ አንድ እንጀራ ካወጣችሁ፣ ወላሂ ዕድሜ ልኬን ጋዜጣችሁን እገዛለሁ። የማገዶ ጭስ ልጅ ኪሎው ሳይሞላ እንዲወለድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። እሱ ግን ለፎቶ አያምርም መሰለኝ።

እርማቱን በትልቁ አውጡት፣ ባሌ ጮክ ብሎ ያነበዋል። እስከዚያ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ እየሠራሁ ነው። ለሷ አማቴ ምንም አላሉም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ