ዳርክሊንግ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእንግሊዙን ባለቅኔ ኪትስን ስታነቢ «ዳርክሊንግ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል አላሳልፍ እንዳለችሽ ስትነግሪኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ፍቺዋ አጭር ነው፤ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ማለት ነው። አጨራረሷ ግሥ ያስመስላታል እንጂ ከጥንት ተውሳከ ግሥ ነበረች። በሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» አጫዋቹ ሻማው ጠፍቶ በጨለማ መቅረታቸውን የሚናገረው በዚችው ቃል ነው።

አደራ የምልሽ ግን ባለቅኔው ሚልተን ላይ እንድትቆዪ ነው። ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1652 ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፤ በ1667 የታተመውን «የጠፋችው ገነት»ን ያስጻፈው በቃሉ እየተናገረ ነው። ሦስተኛውን ክፍል ሲጀምር ብርሃንን ያመሰግናል። ከዚያ በቅጠል ጥላ ተሸሽጋ በሌሊት ጨለማ የምትዘምረውን ወፍ ያነሣል፤ ዳርክሊንግ ያለው እሷን ነው። ወዲያው ቀጥሎ ወቅቶች ዞረው ይመጣሉ፣ ለእኔ ግን ቀን አይመለስም ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አየሽ? ይህን ቦታ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው።

ኪትስ ሚልተንን ጠንቅቆ ያውቃል። በ1819 ስለ ናይቲንጌል፣ በሌሊት ስለምትዘምረው ወፍ፣ ሲጽፍ ቃሏን ከወፏ ወስዶ ለራሱ ሰጣት። አሁን በጨለማ ያለው ዘማሪዋ ሳትሆን አድማጩ ነው፤ ሞትንም እየተመኘ ያዳምጣል። ወንድሙን ቶምን በ1818 መጨረሻ በሳንባ ነቀርሳ ሞቶበት ቀብሮ ነበር፤ እሱም በዚያው በሽታ በ1821 ሮም ላይ በ25 ዓመቱ ሞተ። ይህን እያወቅሽ ስታነቢው ያቺ አንድ ቃል እንዴት እንደምትከብድ ታያለሽ።

ማቲው አርኖልድም በ1867 ባሳተመው ግጥም በሌሊት ጦርነት የሚታመስን ሜዳ ገልጾባታል፤ እሷን ለጊዜው እለፊያት። የቶማስ ሃርዲን ግጥም ግን አትለፊው። በ1900 መጨረሻ፣ ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል፣ ያረጀች፣ የከሳች፣ ነፋስ ላባዋን ያመሰቃቀለባት ወፍ በድንግዝግዝ ስትዘምር ይሰማል። እሷ የምታውቀው፣ እሱ ግን የማያውቀው ተስፋ በዜማዋ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ርዕሱ ላይ ቃሏን ለወፏ መልሶላታል። በግጥሙ ውስጥ ግን በእውነት በጨለማ ያለው ማን ነው? እኔ የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ መጀመሪያ ያንቺን ጻፊልኝ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

የሚወድሽ አባትሽ