ያገለገለውን ትራንስፈር ሳትከፍቺ እንዳትሰቅዪው

ይድረስ ለልጄ ለሳሮን፦

እንደምን ከረምሽ ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የበረዶውን ፎቶ ካየች ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ደውይላት።

የላክሽልኝን ቪዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰማሁት። ዳገቱ ላይ በፎር ዊል (በአራቱም ጎማ) ነዳጅ ስትሰጪው "ቋ! ቋ!" እያለ የሚዘለው ሰንሰለቱ ነው። የጂፕ ቼሮኪሽ ትራንስፈር ኬዝ፣ ማለትም ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ኤንፒ 231 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያስተላልፈው በሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በዕድሜ ይላላል፣ ሲላላ ጭነት በበዛበት ቁጥር ጥርስ ይዘላል። በሁለት ጎማ ስትነጂ ዝም የሚለው ያኔ ሸክም ስለሌለበት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1998 መኪና ነው፤ ብዙ አገልግሏል።

ጋራዡ የጠየቀሽ ዋጋ መኪናው ራሱ ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ያገለገለ ገዝተሽ ቤትሽ ልትቀይሪው ማሰብሽ ትክክል ነው፤ ትችያለሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ያመጣሽውን ሳትከፍቺ ወደ ላይ እንዳታነሺው።

ያም የወጣው ከሌላ ያረጀ ቼሮኪ ነው። ከውጭ ታጥቦ ቢያብረቀርቅም የውስጡ ሰንሰለት ከአንቺው ላይሻል ይችላል። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር ስሠራ፣ ያገለገለ ካምቢዮ የሚገዛ ሰው በእጁ ሳያዞረው፣ ዘይቱን በጣቱ ሳያሻሸው ብር አያወጣም ነበር። መሬት ላይ ለመክፈት ግማሽ ቀን ቢወስድብሽ ነው፤ ከተሰቀለ በኋላ ግን ሥራው ሁሉ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ከሁሉ በፊት ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበትን የመግቢያውን ጥርስ ቁጠሪ። እንደ መኪናው ዘመን 21 ወይም 23 ጥርስ ያለው ይገኛል፤ ካንቺው ጋር እኩል ካልሆነ ገንዘብ ሳትከፍዪ ተመለሺ። ከዚያ የኋላውን ጭራ አውርደሽ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙትን ቡሎኖች ፍቺ። ሲሊኮኑ አጥብቆ ይይዘዋል። ካቻቪቴ በመገጣጠሚያው መሀል እንዳትሰኪ፤ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ይጫርና ዘይት ያፈስብሻል። ለመፈልቀቂያ የተሠራ ክፍተት ዳርና ዳር አለው፣ በዚያ በኩል ቀስ ብለሽ አላቂው።

ሲከፈት ሰንሰለቱን በሚዞርባቸው በሁለቱ ባለጥርስ መዘውሮች መሀል በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ገባ ወጣ የሚል ከሆነ አትጠራጠሪ፣ አዲስ ግዢ። እኔን ብትጠይቂኝ ደህና ቢመስልም አዲስ እገዛለሁ። ማርሹን የሚገፋው ሹካ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ማረፊያዎች አሉ፤ ከተበሉ ማርሹ በደንብ አይገባም፣ ቀይሪያቸው። ታች ያለው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ብታዪ አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ካገኘሽ ግን ኩሽኔታዎቹንና ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያዞርሽ እዪ። የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ እጠቢ። ፓራዮሎቹን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን ጎማዎች) ሁሉ በአዲስ ቀይሪ። የፍጥነት መቁጠሪያውን ትንሿን የፕላስቲክ ጥርስ ደግሞ ከራስሽ አሮጌ ላይ አውጥተሽ በነበረችበት አቅጣጫ እዚህኛው ላይ ግጠሚ፤ አለዚያ ጌጁ የተሳሳተ ፍጥነት ያሳይሻል።

አሁን አሮጌውን ከመኪናው ስለ ማውረዱ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ጭንቅላትሽን እንዳታስገቢ። ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አድርጊበት፣ ወለሉም ደልዳላ ሲሚንቶ ይሁን። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ይህን ነው፦ የኋላው ሻፍት፣ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚወስደው ዘንግ፣ አንዴ ከወረደ ማርሹ "ፒ" (ፓርኪንግ) ላይ መሆኑ መኪናውን አይዝም። ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም ሳታስሪ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳትስቢ አንድም ቡሎን አትንኪ። ሳሮንዬ፣ እዚህ ላይ አደራ።

ሻፍቶቹን ከመፍታትሽ በፊት ቦታቸውን በቀለም ምልክት አድርጊ። የካምቢዮውን ሆድ በእንጨት ላይ በክሪክ ደግፈሽ የሚሸከመውን አግዳሚ ብረት አውርጂ፤ ጭራው ትንሽ ዝቅ ሲል ላይ ያሉት ዳዶዎች ይታያሉ። በጠቅላላ ስድስት ናቸው። የላይኞቹ ያስመርራሉ፣ ረጅም ማስረዘሚያና የሚተጣጠፍ ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ) ተዋሺ። የመተንፈሻዋን ቱቦና የፎር ዊሉን መብራት ሽቦ መንቀል አትርሺ። ዕቃው ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ በጀርባ ተኝቶ ደረት ላይ የሚያሳርፉት አይደለም። ያቺን ጎረቤትሽን ጥሪያት፣ ወይም የካምቢዮ ክሪክ ተከራዪ።

ስትገጥሚ ቀጥ ብሎ እስኪገባ የኋላ መውጫውን በእጅሽ እያዞርሽ ግፊው። የጣት ያህል ክፍተት ቀርቶ እምቢ ካለ ጥርሱ አልተገናኘም ማለት ነው። በዳዶ እየጠበቅሽ ልሳበው ብትዪ ጆሮው ይሰነጠቃል። ፊት ለፊት ገጥሞ ሲቀመጥ ዳዶዎቹን በ35 ኒውተን ሜትር አጥብቂ።

ዘይቱ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ነው፣ የዲፈረንሻል ወፍራሙን እንዳታደርጊበት። ከላይኛው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር ሙዪው፤ አንድ ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። አሮጌውንም ስታፈሺ መጀመሪያ የላይኛው መሙያ መከፈቱን አረጋግጪ፤ ታችኛውን አፍስሰሽ ላይኛው አልፈታ ካለ ችግር ነው።

ስትሞክሪው በሁለት ጎማ ጀምሪ። ከዚያ በረዶ ወይም ጠጠር ላይ ፎር ዊሉንና ሪዶታውን (ከባዱን ዝግ ማርሽ) አስገቢ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በፎር ዊል አትዙሪ፤ ይህ ትራንስፈር በፊትና በኋላ መሀል ዲፈረንሻል የለውም፣ ስትታጠፊ ይታፈናል። አራቱ ጎማዎችም አንድ ልክ ይሁኑ። ጥቂት ከነዳሽ በኋላ ከሥር ገብተሽ የዘይቱን ልክና ፓራዮሎቹን እንደገና እዪ።

ቅዳሜ ዕቃውን ስትከፍቺ በቪዲዮ ደውይልኝ፤ ሰንሰለቱን ስትጫኚው ማየት እፈልጋለሁ። አዲሱን የምገዛልሽ እኔ ነኝ፣ አትከራከሪኝ።

አባትሽ