«ጎግል አድርግ» የማይባልበት ግሩፕ (የአይሲቲ ክበብ ዘገባ)

ዘንድሮም መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተማርን፣ በሳይንስ ቀን ሥራዎቻችንን አቀረብን። ስለዚህ ብዙ አልልም። መናገር የምፈልገው ስለ ቴሌግራም ግሩፓችን ነው።

ግሩፑን የከፈትነው ልጆቹ ኮድ እምቢ ሲላቸው እንዲጠያየቁበት ነበር። ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥተው በሙያው የተሰማሩ ታላላቆቻቸውም ገቡበት። ኅዳር ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ኮዱ ለምን እንደማይሠራ ጠየቀ። ከመስመሩ መጨረሻ ሁለት ነጥብ (:) ረስቷል፤ ሌላ ችግር የለውም። ያገኘው መልስ ግን «ጎግል አድርግ» የሚል ነበር። ሌላው የሳቅ ምልክት ደረደረበት። ልጁ ማታውኑ ግሩፑን ለቆ ወጣ። እኔም የተጻፈውን በሙሉ ዝም ብዬ አጠፋሁት። ተሳስቼ ነበር። ያሾፉት ምን እንዳጠፉ አላወቁም። የተሾፈበትም ከጎኑ የቆመ ሰው አላየም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ሊኑስ ቶርቫልድስ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን፣ ብዙ ባለሙያዎች አብረው የሚጽፉትን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና፣ የጀመረው ሰው ነው። ኮድ የሚልኩለትን ባለሙያዎች በኢሜይል ክፉኛ ሲዘልፍ ዓመታት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለአንድ ወር ያህልም ከሥራው ራቅ አለ። ያኔውኑ ፕሮጀክቱ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ያዘ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እሱ ይቅርታ ከጠየቀ እኛን ምን ይዞን ነው?» አለች። ያሾፉት ልጆች በማግስቱ ልጁን ፈልገው ሄዱ።

ደንባችንን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ኮዱን ተች፣ ሰውየውን ተው። አድሚን መልእክት ካጠፋ ምክንያቱን በውስጥ መስመር ይንገር። ክርክር ሲጦዝ ስሎው ሞድ ይከፈት፤ አንዴ የጻፈ ሰው 5 ደቂቃ ይጠብቅ።

ፈተናው የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ፓይተን ይቅደም ወይስ ሌላው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት የሚለው ክርክር ጦፎ ሳለ፣ አንድ የተመረቀ ታላቃቸው «እናንተ ልጆች ምን ታውቃላችሁ» ብሎ ጻፈ። አድሚኗ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ታላቅን ማረም ለእኛ አገር ልጅ ቀላል አይደለም። «ጋሼ፣ መልእክትዎን አጥፍቼዋለሁ። ከደንባችን ጋር ስላልሄደ ነው። ሐሳብዎ ግን ይጠቅመናል፤ እባክዎ መልሰው ይጻፉልን» ብላ ላከችለት። ማታ ረጅም ማብራሪያ ጻፈ፣ ከነምሳሌው። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ምሽት የኮራሁበት ጊዜ የለም።

የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ተመልሷል። ብዙዎቹ ሴት ተማሪዎች ግን አሁንም ግሩፑ ላይ አይጠይቁም፤ ጥያቄያቸውን ለእኔ በውስጥ መስመር ነው የሚልኩት። የመስከረም የመጀመሪያ ስብሰባችን አጀንዳ ይኸው ነው።