የሰይቼንቶ ፊት፣ የሞተር ሳይክል ኋላ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባዬ ሐዘን ጊዜ ደውለህ ካጽናናኸኝ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። አንተም በሥራ፣ እኔም በሥራ፣ ዘመኑ ሮጠ። ዛሬ ግን ካንተ በቀር ለማንም ብነግረው የማይገባው ነገር ስላለኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

ቴክኒክና ሙያ እያለን ደብተር ጀርባ ላይ የምንስላት የሁለት ሰው መኪና ትዝ ትልሃለች? ሠራኋት። ትነሳለች፣ ትሄዳለች።

ነገሩ የመጣው በእማዬ ጉልበት ነው። ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን መሳም አቃታት። ታክሲ መያዣው ድረስ መውረዱም ከብዷታል፤ በየእሁዱ ኮንትራት ደግሞ ኪስ አይችለውም። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ጣራዋ የበሰበሰ ፊያት ሰይቼንቶ ቆማ ነበር። ሞተሯ ድሮ ነው የተወሰደው፣ የፊት እግሯ ግን ሙሉ ነው። ባሌስትራዋ፣ ማለትም የብረት ሞላዋ፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ በአግድም የተዘረጋ ስለሆነ፣ መሪውንም ፍሬኑንም አንድ ላይ አውጥተህ ሌላ ሻንሲ ላይ ማሰር ትችላለህ። ከዚያ ምናለሽ ተራ ወርጄ የተጋጨ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ፊቱ ተጨራምቷል፣ ከመቀመጫው ወደ ኋላ ግን ምንም አልሆነም። ሞተሩን፣ ካቴናውን፣ የኋላ ጎማውን ሳልነካ እንዳለ ተጠቀምኩበት። መሃሉን በ40 በ40 ቱቦላሬ በየድኩት። ወንበሮቹ የሚኒባስ ናቸው።

ሦስት እግር ሆነች ማለት ነው፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ያየ ሁሉ «ለምን እንደ ባጃጅ አላደረግካትም?» ይለኛል። አንተ ታውቀዋለህ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘህ ስትታጠፍ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፣ ባጃጅ ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ የሚደግፈው ጎማ የለውም። ይቺ አላት። ከኋላ አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ስትታጠፍ የግራና የቀኙን ጎማ በተለያየ ፍጥነት የሚያዞረው ዲፈረንሻል አያስፈልግም። ቢኤምደብሊው በ1955 እ.ኤ.አ. ትንሿን መኪና ኢዜታን ሲያወጣ የሞተር ሳይክል ሞተር ነበር የገጠመላት፤ የኋላ ጎማዎቿንም በጣም አቀራርበው ያለ ዲፈረንሻል አስኬዷት። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። ብልሃቱ እነሱም ጋ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው መኪና መግዛት ባቃተው ሰዓት ነው።

ጉልበት ግን አስቸግሮኝ ነበር። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ የተሠራው አንድ ሰው ከነጓደኛው ለመሸከም እንጂ ይሄን ሁሉ ብረት ለመጎተት አይደለም። ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ከፊት 14 ከኋላ 42 ነበር። የኋላውን 54 አስቆረጥኩት፣ ካቴናውንም አስረዘምኩ። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከሩብ በላይ ጨመረ፤ ፍጥነቷ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ወረደ፤ ይውረድ፣ እማዬን ይዤ ማንን ልቅደም። ሙቀቱም ነበር። ሞተር ሳይክል ላይ ንፋሱ ራሱ ነው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው፣ እዚህ ግን ከወንበሩ ጀርባ ስለተደበቀ ንፋስ አያገኝም። በላሜራ የንፋስ መውረጃ ሠራሁለት፣ ከአሮጌ መኪና የወጣች ፋንም ገጠምኩ። አሁን ሙቀቱ ደህና ነው። የኋላ ማርሽ የላትም፣ ግን ቀላል ስለሆነች ወርዶ መግፋት ነው።

አሁን የጻፍኩበት ጉዳይ። ፍሬን።

የፊት ድራሙን ስከፍተው ሸራው ገና ወፍራም ነው፣ ውስጡ ግን የሸረሪት ድር አድርቶበታል። የፍሬን ሲሊንደሩን በአውራ ጣቴ ብገፋው ንቅንቅ አላለም። ዘይት አርከፍክፌበት አሳደርኩትና በነጋታው በእንጨት እየመታሁ ፒስተኖቹን አወጣኋቸው፤ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ በእጄ ላይ እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። የሲሊንደሩ ውስጥ ግን አልተበላም፣ በብርጭቆ ወረቀት ስጠርገው አብረቀረቀ። ሶማሌ ተራ ጎሚኒ ጠየቅኩ፣ የሚመጥን አጣሁ። ለጊዜው በኋላ ፍሬን ብቻ ነው የምነዳት፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ ያውም ብቻዬን። ታርጋ ስለሌላት አስፋልት አላወጣኋትም፤ ፍሬኗ ሳይስተካከል ደግሞ ለማስመርመርም አላቀርባትም።

የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንተ እዚያ ጋራዥ ስለሆንክ የጎሚኒውን ልክ ብልክልህ ትፈልግልኛለህ? ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የፊቱ ፍሬን በዘይት፣ የኋላው በብረት ዘንግ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱን በአንድ ፔዳል ላይ ላገናኛቸው ነው። የኋላው ቀድሞ ከያዘ ጎማው ይንሸራተትና ጅራቷ ይዞራል፤ አንድ ጎማ ናት፣ የሚመልሳት የለም። ስለዚህ ፊቱ ቀድሞ እንዲይዝ፣ የኋላው እንዲከተል እፈልጋለሁ። ፔዳሉ ላይ ሚዛን የሚያከፋፍል ዘንግ ላድርግ ወይስ የኋላውን ለብቻው በእጅ ልተወው? እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፣ ምክንያቱም በድንጋጤ ጊዜ ሰው እግሩን ነው የሚረግጠው። ግን ያንተን ቃል ሳልሰማ አልበይደውም፣ እማዬንም አላስቀምጣትም። በየቀኑ «መቼ ነው?» ትለኛለች፣ ነጠላዋን አዘጋጅታ።

የፔዳሉን ፎቶና የሲሊንደሩን ልክ ነገ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ጎሚኒው ከተገኘ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ፣ ዋጋውን እዚህ ለቤተሰብ እሰጣለሁ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ እማዬም ልጆቹን ሳምልኝ ብላለች።

ወንድምህ