የርችት ፈቃድ የሚፈርመው ሰው ሜዳው ላይ ይቁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ርችት ትርኢት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ክርክሩ በሙሉ «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚለው ላይ ነው የቆመው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከፈቀደ በኋላ የት ነው ያለው? ማመልከቻውን ይቀበላል፣ ክፍያውን ያስከፍላል፣ ማኅተሙን ይመታል፣ ከዚያ ቢሮው ይዘጋል። ርችቱ የሚተኮሰው ግን ማታ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት። በዚያ ሰዓት «አቁም» ማለት የሚችል የመንግሥት ሰው ከሌለ ፈቃዱ ከወረቀትነት አያልፍም።

ሥራዬ ለዝግጅቶች መድረክ መገንባትና መብራት መስቀል ነው። ርችት ከሚተኩሱ ድርጅቶች ጋር ጎን ለጎን እንሠራለን። ስለዚህ ርችት ጠልቼ አይደለም የምጽፈው። ሕፃን አዋቂው አንጋጦ ሲያይ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከመድረኩ ጀርባ ያለውን አውቃለሁ፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ለትርኢት የሚተኮሰው ትልቁ ርችት ሰው ገዝቶ በእጁ ከሚለኩሰው ጋር አይገናኝም። በወፍራም ወረቀት ተደራርቦ የተጠቀለለ ኳስ ነው። ውስጡ ባሩድ አለ፤ ቀለም የሚሰጡ እንክብሎችም አሉ። ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ሰማያዊው ከመዳብ ይገኛል። ኳሱ ወደ ቱቦ ይገባል። ከሥሩ ያለው ባሩድ ሲቀጣጠል ወደ ላይ ይወነጨፋል። ያኔውኑ የራሱ ፊውዝም፣ ማለትም እሳቱን ወደ ውስጡ የሚያደርሰው ክር፣ መንደድ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ኃይል የለም። ቱቦው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰማይ ላይ ይፈነዳል። ቱቦው ከተጋደመ ሰው መሃል ይፈነዳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያዋ ሲሚ ቫሊ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። በትርኢቱ መሃል ቱቦዎች ተገለበጡና ርችቱ ወደ ተመልካቹ ተተኮሰ። ከ30 በላይ ሰው ተጎዳ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንዲያጎ ላይ፣ ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር። በኮምፒውተር ብልሽት ምክንያት ለሙሉ ትርኢት የተዘጋጀው በሺዎች የሚቆጠር ርችት በሴኮንዶች ውስጥ በአንድ ላይ ፈነዳ። ሰማዩ ነጭ ሆነ። ግን አንድም ሰው አልተጎዳም። ለምን ቢባል፣ ርችቱ የተጫነው ከሕዝቡ ርቀው ባሕረ ሰላጤው ላይ በቆሙ ጀልባዎች ላይ ነበር።

ሁለቱን አስተያዩልኝ። ማሽን ይበላሻል፣ ሰው ይሳሳታል፣ ባሩድ ያለጊዜው ይፈነዳል። ይህን ማንም ደንብ አያስቀረውም። የሰውን ሕይወት የሚያተርፈው ርቀት ነው። ርቀት ደግሞ በሜትር የሚለካ ነገር ነው፤ ማንም ባለሙያ ሄዶ ሊለካው ይችላል።

መለኪያውም አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው፣ በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 1123 የተባለው ደንብ ለእያንዳንዱ ኢንች የርችት ስፋት 70 ጫማ ርቀት ይጠይቃል። ይህ 21 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 3 ኢንች ኳስ ከሆነ 64 ሜትር፣ ባለ 6 ከሆነ 128 ሜትር፣ ባለ 12 ከሆነ ደግሞ 256 ሜትር ገደማ በዙሪያው ሰው መኖር የለበትም ማለት ነው። የሜዳው ስፋት የሚወስነው የርችቱን መጠን ነው። ስለዚህ ማመልከቻው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር «ትልቁ ርችታችሁ ስንት ኢንች ነው?» የሚል ነው። እኔ ያየኋቸው ቅጾች ግን የሚጠይቁት የድርጅቱን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ነው። ቦታውም «ስታዲየም አጠገብ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ መረጃ ምን ተመዝኖ እንደሚፈቀድ አይገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ንፋስ ሲነሳ ማነው የሚያስቆመው?

አንድ ምሽት አይረሳኝም። ዝግጅቱ ሊያልቅ ሲል ንፋስ ተነሳ። መድረካችን ላይ የተሰቀለው ባነር እንደ ጅራፍ መጮህ ጀመረ። እኛ መብራቶቹን ወደ ታች አወረድን። ዋናው ተኳሽ አንዲት ትንሽ ርችት ለሙከራ ተኮሰና ጭሷ ወዴት እንደሚሄድ አየ። በቀጥታ ወደ ሕዝቡ ነበር። «ትንሽ እንጠብቅ» አለ። የአዘጋጁ ተወካይ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ወንድሜ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ስፖንሰሮቹም እዚሁ ናቸው። ዛሬ ካልተኮስክ ቀሪ ክፍያ የሚባል ነገር የለም» አለው። ተኳሹ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ አያቸው፤ አምስት ሰው ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ ተኮሰ። ያልበረደ ፍም የሰዎች ትከሻ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ደግነቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ሁሉም «ደስ የሚል ትርኢት ነበር» አለ።

ተኳሹ ክፉ ሰው አይደለም። ንፋሱን ከማናችንም በፊት ያየው እሱ ነው። ነገር ግን እምቢ ቢል ደመወዝ የሚከፍለው ከየት አምጥቶ ነው? አዘጋጁም ገንዘቡን አፍስሷል። ሕዝቡም ይጠብቃል። እዚያ ከነበርነው ውስጥ ትርኢቱ ቢቀር ምንም የማይጎድልበት አንድም ሰው አልነበረም። ያ ሰው ነው ከማዘጋጃ ቤት መምጣት ያለበት። ደመወዙ ከትርኢቱ ጋር ያልተያያዘ፣ የንፋስ መለኪያ በእጁ የያዘ፣ «ዛሬ አይተኮስም» ካለ በቃ የሚባልለት ሰው። ከስንት የንፋስ ፍጥነት በላይ እንደማይተኮስም በፈቃዱ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ያኔ ሜዳ ላይ ጭቅጭቅ አይኖርም። በንፋስ ምክንያት የተቋረጠ ትርኢት ያለ አዲስ ክፍያ ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ይህ ከሌለ ሰው ሁሉ ዕድሉን መሞከሩ አይቀርም።

ወረቀት ብቻውን እንደማያስቆም በጣም መራራ በሆነ መንገድ የታየው ሕንድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2016 በኬረላ ግዛት፣ ኮላም አውራጃ፣ ፑቲንጋል በተባለ ቤተ መቅደስ የርችት ፉክክር ተካሄደ። የአውራጃው አስተዳደር ፈቃድ ከልክሎ ነበር። ርችቱ ግን ተተኮሰ። አንድ የሚነድ ቁራጭ የተከማቸው ርችት ላይ ወደቀና ማከማቻው ፈነዳ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። እምቢታው በጽሑፍ ነበረ፤ እምቢታውን ሜዳው ላይ የሚያስፈጽም ግን አልነበረም።

ስለ ማከማቻ ካነሳን፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤንስኬዴ የተባለችውን ከተማ ማንሳት ግድ ነው። እዚያ ለትርኢት የሚሆን ርችት የሚያስመጣ ድርጅት መጋዘን ነበረው። መጋዘኑ ሲሠራ ከከተማው ውጭ ነበር። ከተማው እያደገ መጣና መኖሪያ ቤቶች ከበቡት። ጎረቤት የሆኑት ነዋሪዎች ርችት መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር ብለዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2000 እሳት ተነሳ፤ መጋዘኑ ፈነዳ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ 4ቱ እሳት ለማጥፋት የገቡ ናቸው። ወደ 950 ሰው ቆሰለ። 400 ያህል ቤቶች ወደሙ። ድርጅቱ ፈቃድ ነበረው። ከተፈቀደለት በላይ አደገኛ የሆነ ርችት አከማችቶ እንደነበር የታወቀው ግን ከጥፋቱ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪ ቀድሞ ገብቶ ሣጥን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ለምሽቱ ትርኢት የሚሰጠው ፈቃድ ርችቱ ከየት እንደመጣ፣ የት እንዳደረ፣ በምን መኪና እንደተጓጓዘም ይጠይቅ።

አዳራሽ ውስጥ የሚተኮሰውን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ ፈቃዱ ለብቻው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ 100 ሰው፣ በ2013 በብራዚሏ ሳንታ ማሪያ ደግሞ 242 ሰው ያለቀው በመድረክ ርችት ነው። ጣሪያና ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ሲቀጣጠል መርዛማ ጭስ አፍኗቸዋል። ለሜዳ የተሰጠ ፈቃድ አዳራሽ ውስጥ መሥራት የለበትም።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ ማግሥቱን ነው። ከተተኮሰው ውስጥ ሁልጊዜ የሚከሽፍ አለ። ሳይፈነዳ ሣር ውስጥ ይወድቃል። ጨለማ ውስጥ በባትሪ ፈልጎ ሁሉንም ማግኘት አይቻልም። ጠዋት ኳስ ሊጫወቱ የሚመጡ ልጆች ግን ያገኙታል። ከላይ ያነሳሁት ደንብ ከትርኢቱ በኋላ ወዲያው፣ ከዚያም ጎህ ሲቀድ በድጋሚ ሜዳው እንዲፈተሽ ያዛል። እኛ ዕቃችንን ለመጫን በነጋታው ስንመለስ ተኳሾቹን እዚያ ያገኘንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከድርጅቱ መያዣ ገንዘብ ይቀበል፤ የጠዋቱ ፍተሻ ተሠርቶ ተቆጣጣሪው ሲፈርም ይመልስ። ያኔ ሁሉም በሌሊት ይነሳል።

ጎረቤትም አለ። ሕመምተኛ፣ ጨቅላ ሕፃን፣ ከጦርነት የተመለሰ ሰው፣ ከብትና ውሻ ያለው ሁሉ ቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰዓቱ ይነገር። በጣሊያን ኮሌኪዮ የምትባል ትንሽ ከተማ ከዚህም አልፋ እ.ኤ.አ. በ2015 ድምፃቸው ዝቅ ያሉ ርችቶች ብቻ እንዲተኮሱ ደንብ አውጥታለች። ቀለሙ አለ፤ ጆሮ የሚበሳው ፍንዳታ የለም። ለትንሽ ከተማ የሚቻል ከሆነ ለትልቅ ከተማ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ለዚህ ሁሉ ሰውም በጀትም የለንም» እንደሚባል አውቃለሁ። በጀቱን ድርጅቶቹ ይክፈሉ። ትርኢቱ ንግድ ነው። ለመድረክ፣ ለድምፅና ለማስታወቂያ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ለተቆጣጣሪው ሰዓትና ለእሳት አደጋ መኪናው የሚከፈል አይጠፋም። ብቻ ገንዘቡ ለማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ይግባ እንጂ ማታ ሜዳ ላይ በእጅ አይሰጥ። በጥንቃቄ የሚሠሩት ተኳሾችም ይህን የሚጠሉት አይመስለኝም። ዛሬ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ርቀት ሳይጠብቅና መድን ሳይገባ የሚሠራው በርካሽ ዋጋ ጨረታውን ይወስድባቸዋል። የሚላክ ተቆጣጣሪ በእርግጥ ከሌለ ደግሞ ያን ምሽት ፈቃድ አይሰጥ።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። በሚቀጥለው ጊዜ የርችት ትርኢት ሲታወጅ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ አትጻፉልን። ትልቁ ርችት ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ሕዝቡ ስንት ሜትር ርቆ እንደሚቆም፣ የማስቆም ሥልጣን ያለው ኃላፊ ማን እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቃችሁ አውጡ። ማዘጋጃ ቤቱ መልስ ከከለከላችሁም መከልከሉን አውጡ፤ ልጆቼን ይዤ ልሂድ ወይስ ቤት ልዋል የሚለውን እኔ እወስናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ